ቄጤማ እንጎዘጉዛለን፤ ማን ይተክለዋል?

በዓል ሲደርስ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባሉ ከተሞቻችን የገበያ ዳርቻዎች አረንጓዴ ይለብሳሉ። ከገጠር ቀበሌዎች ማልደው የተነሡ እናቶችና ልጃገረዶች በሸክም ያመጡትን ቄጤማ በእስር በእስር ደርድረው ገዢ ይጠብቃሉ። ገዢውም ተከራክሮ አንድ ሁለት እስር ይዞ ወደ ቤቱ ያቀናል። ቤቱ ይጠረጋል፣ ቄጤማው ይጎዘጎዛል፣ ረከቦቱ ይቀርባል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ቄጤማ የሌለበት ዓውደ ዓመት ዓውደ ዓመት አይመስልም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በከተሞች ቡና መሸጫዎች ሌላ ነገር ማየት ለምደናል። ከረከቦቱ ሥር የሚነጠፈው የፕላስቲክ ሣር ሆኗል። አይደርቅም፣ አይጠወልግም፣ በየጠዋቱ አይገዛም። ቡና አፍልታ የምታድረውን እህታችንን በዚህ መውቀስ አይቻልም፤ ለእርሷ ወጪ መቀነስ ነው። ነገር ግን የፕላስቲኩ ሣር መዓዛ የለውም፤ ውኃ አይይዝም፤ ወፍ አያርፍበትም፤ ከገጠር ተሸክማ ለመጣችው ሻጭም ሳንቲም አያስገኝም። ከሁሉ በላይ አንድ ጥያቄ ያስነሣል። እውነተኛው ቄጤማ ወዴት እየሄደ ነው?

በምዕራብ ጎጃም በቆሎ የሚዘራ፣ ጤፍና ዳጉሳ የሚያመርት፣ በርበሬ የሚያለማ፣ ባሕር ዛፍ የሚተክል አርሶ አደር ሞልቷል። ቄጤማን ግን እንደ ሰብል ቆጥሮ የሚተክል ማግኘት ይቸግራል። ቄጤማ ሁሉም የሚያጭደው፣ ማንም የማይተክለው ተክል ነው። የዚህ ጽሑፍ መልእክትም ይኸው ነው። ቄጤማንና ዘመዶቹን ከረግረግ እያጨዱ መጨረስ ቀርቶ፣ በችግኝ ጣቢያ ተባዝተው በየስፍራቸው የሚተከሉ ዕፅዋት ሊሆኑ ይገባል።

ሦስት ማዕዘኑ ተክል

ብዙዎቻችን ቄጤማን ሣር እንለዋለን። በዕፅዋት ሳይንስ ግን ቄጤማ ከሣር የተለየ ቤተሰብ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ግንዱን በሁለት ጣት ይዞ ማንከባለል ይበቃል። የሣር ግንድ በአብዛኛው ክብ፣ ውስጡ ባዶና ባለ አንጓ ነው። የቄጤማ ወገን ግንድ ግን በአብዛኛው ሦስት ማዕዘን ነው፤ ውስጡ የተሞላ፣ አንጓው የማይታይ ነው፤ ቅጠሎቹም በሦስት ረድፍ ይወጣሉ። የዚህ ቤተሰብ ዝርያዎች በዓለም ላይ ከ5000 በላይ ናቸው።

ወደ እኛ ስንመጣ ቤተሰቡ እንግዳ አይደለም። የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ከዚሁ ወገን ነው። የጥንት ግብፃውያን ከዚያው ተክል የመጻፊያ ብራና መሰል ወረቀት ሠርተውበታል። በየመስኩና በየውኃ ዳሩ የሚበቅሉት እንግጫና ግጫም ዘመዶቹ ናቸው። ስማቸው ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል፤ በአንዱ ቀበሌ ግጫ የተባለው በሌላው በሌላ ስም ሊጠራ ይችላል። የሚያሳስተው ስሙ ነው፤ ግንዱን ዳስሶ ማየት ግን አያሳስትም።

ባህላችንም ከእነዚህ ዕፅዋት ጋር የተሸመነ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በቅዳም ሥዑር ካህናት ለምእመናን ቄጤማ ያድላሉ፤ ምእመናኑም በራሳቸው ላይ ያስሩታል። ትውፊቱ የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለኖኅ ካበሠረችው ርግብ ጋር የተያያዘ ነው። በጎጃም ደግሞ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ልጃገረዶች ወደ መስክ ወጥተው እየዘፈኑ እንግጫ ይነቅላሉ፤ ነቅለውም ይጎነጉናሉ። የእንግጫ ነቀላ ጨዋታ የዘመን መለወጫችን አንዱ መልክ ነው። መስኩ ከሌለ እንግጫው አይኖርም፤ እንግጫው ከሌለ ደግሞ ዘፈኑ በመድረክ ብቻ የሚታይ ትርኢት ሆኖ ይቀራል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ ሞልቶ ስላየነው ዋጋውን ዘንግተነዋል።

ረግረጉ ሲደርቅ የሚደርቀው

የጎጃም ገጠር ቄጤማ የሚገኘው በምንጭ ራስ፣ በወንዝ ዳርና በሸለቆ ግርጌ ባሉ ረግረጎች ነው። እነዚህ ቦታዎች ለረጅም ዘመን የጋራ ግጦሽ ሆነው ኖረዋል። በበጋው ወራት ሌላው መስክ ሲነጣ ከብቱ የሚውለው እዚያ ነበር። ዛሬ ግን ረግረጉ ከሦስት አቅጣጫ እየተገፋ ነው።

አንደኛው እርሻ ነው። የመሬት ጥበት የያዘው ወጣት ቦይ ቀድዶ ረግረጉን አጠንፍፎ በቆሎ ወይም ድንች ይተክልበታል። ሁለተኛው ባሕር ዛፍ ነው። በምንጭ ዳር የተተከለ ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፣ ፈጥኖም ገንዘብ ይሆናል፤ ነገር ግን ውኃ በብዛት ስለሚጠጣ የምንጩን አቅም ያዳክማል። ሦስተኛው ቦረቦር ነው። የሸለቆ ግርጌ አፈር በክረምት ውኃ ጠግቦ ሲላላና ሽፋን ሲያጣ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ወደ ላይ እየበላ ይሄዳል። ቦረቦሩ ወደ ረግረጉ ሲደርስ እንደ ትልቅ ማፍሰሻ ቦይ ሆኖ ከመሬት ውስጥ ያለውን ውኃ ጭምር ያወጣዋል። በምዕራብ ጎጃም ደብረ ማዊ ተፋሰስ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በቦረቦር የሚጠፋው አፈር ከማሳ ላይ በጎርፍ ከሚታጠበው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

የዚህ ሁሉ ውጤት በመጨረሻ የሚያርፈው በሴቶችና በልጆች ትከሻ ላይ ነው። ምንጩ ሲደክም ጀሪካን ይዞ የሚሄደው መንገድ ይረዝማል። ቄጤማው ሲሳሳ ለበዓል አንዲት እስር ለማግኘት ቀድሞ ከሚታጨድበት አልፎ መሄድ ግድ ይሆናል። የበጋው ግጦሽ ሲጠብ ከብቱ ይከሳል፤ ወተቱ ይቀንሳል። ስለዚህ የቄጤማ ነገር የጌጥ ነገር ብቻ አይደለም። የውኃ፣ የመኖና የእናቶች ገቢ ጉዳይ ነው።

የከተማ ውበት በማን ውኃ?

ወደ ከተማ እንመለስ። ከተሞቻችን መንገድ ዳርና አደባባይ ማስዋብ መጀመራቸው የሚያስመሰግን ነው። አረንጓዴ ዐሻራ ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ችግኝ መትከል የየክረምቱ ሥራ ሆኗል። ችግሩ የሚታየው ክረምቱ ሲያልፍ ነው። በእኛ አካባቢ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ረጃጅምና ደረቅ ናቸው። በሐምሌ ለምልሞ የታየው የመናፈሻ ሣር ካልጠጣ በየካቲት ይነጣል። ለምልሞ እንዲቆይ ከተፈለገ የውኃ ቦቴ መመደብ ግድ ይላል። ነዋሪው ጀሪካን አሰልፎ ቧንቧ በሚጠብቅበት ሰዓት ለአደባባይ ሣር ቦቴ ማሰለፍ ትክክል ነው ለማለት ያስቸግራል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ድርቅ የሚደጋገምባት የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ብዙ ውኃ የሚፈልገውን የግቢ ሣር ማስቀነስ ከጀመረች ቆይታለች፤ በቦታውም ከሚተከሉት መካከል የአካባቢው ተወላጅ የሆኑ የቄጤማ ወገን ዕፅዋት ይገኙበታል። በአውሮፓና በኒውዚላንድም የእነዚህ ዕፅዋት የተለያዩ ዝርያዎች ለግቢ ውበት በችግኝ መደብሮች ይሸጣሉ። እነርሱ ገዝተው የሚተክሉትን የሚመስል ሀብት እኛ በየመስካችን አለን።

እዚህ ላይ ግን አንድ እውነት በግልጽ መነገር አለበት። ቄጤማ ሁሉ ድርቅ አይችልም። ለበዓል የሚጎዘጎዘው ለስላሳውና ረጅሙ ቄጤማ እንዲሁም ደንገል የውኃ ልጆች ናቸው፤ በደረቅ የመንገድ አካፋይ ላይ ቢተከሉ ይሞታሉ። በመስክና በአፋፍ ላይ የሚበቅሉት አጫጭርና ጠንካራ የእንግጫና የግጫ ዓይነቶች ግን ሌላ ጠባይ አላቸው። በበጋ ቅጠላቸው ቢጠወልግም ሥራቸው ከመሬት በታች በሕይወት ይቆያል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲያርፍ ደግሞ እንደገና ያቆጠቁጣሉ። ከብት ሲረግጣቸው፣ ፀሐይ ሲያነዳቸው የኖሩ ናቸው። ለደረቁ አደባባይ እነዚህን፣ ለምንጭ ዳርና ለፍሳሽ መውረጃ ደግሞ ውኃ ወዳዶቹን መምረጥ ነው ብልሃቱ።

ለወፉም ለእንቁራሪቱም ቤት ነው

የቄጤማ ወገን አበባ በአብዛኛው የሚዳቀለው በነፋስ ነው፤ ስለዚህ ንብ ከእርሱ ማር የምትሠራበት የአበባ ወለላ አታገኝም። ዘሩን ግን ወፎች ይለቅማሉ፤ በጥቅጥቅ ቅጠሉ ሥር ደግሞ እንቁራሪትና ትናንሽ ነፍሳት ይጠለላሉ፤ እነርሱን የሚመገቡ ወፎችም ይከተላሉ። ቄጤማ ከአደይ አበባና ከሌሎች አገር በቀል አበቦች ጋር ተቀላቅሎ ቢተከል ንቡም ወፉም የድርሻውን ያገኛል።

የትላልቆቹ ረግረጎች ነገር ደግሞ ከዚህም ይልቃል። በጣና ዙሪያ ባሉ ረግረጎች የሚኖሩት ባለ አክሊሏና ባለ ጉትቻዋ ክሬን የተባሉት ረጃጅም ወፎች በዓለም አቀፍ ደረጃ ለአደጋ የተጋለጡ ተብለው ተመዝግበዋል። የጣና ሐይቅና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበው እንዲህ ያለ ሀብት ስላለው ነው።

ከክልላችን ውጪ ያለ አንድ ምሳሌ እናንሣ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በአዲስ ዓለም አቅራቢያ በርጋ የሚባል የሣርና የቄጤማ ረግረግ አለ። በዓለም ላይ እጅግ ብርቅ ከሆኑት ወፎች አንዷ፣ ነጭ ክንፍ ያላት ትንሽዬ የረግረግ ወፍ፣ በዚያ እንደምትራባ እ.ኤ.አ. በ1997 ታወቀ። ይህች ወፍ እንደምትራባ የተረጋገጠው በኢትዮጵያና በደቡብ አፍሪካ ብቻ ነው። በክረምት ወራት ጎጆዋን የምትሠራው በቄጤማና በሣሩ መካከል ስለሆነ፣ የእርሷ ሕልውና በነዋሪው ግጦሽና አጨዳ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር የሠራውም ለዚህ ነው። በርጋን ያወቃት ዓለም ሁሉ የሚያወራው ስለ ወፏ ነው፤ ወፏን ያኖራት ግን ቄጤማው ነው።

እንዴት ይተከላል?

የቄጤማ ወገን ዕፅዋትን ማባዛት ከባድ ጥበብ አይጠይቅም። የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛም ሆነ ጓሮ ያላት እናት ልትሠራው ትችላለች። ቀላሉ መንገድ ሥር ከፍሎ መትከል ነው።

ክረምቱ ሲገባ፣ በሰኔ አጋማሽ ገደማ፣ ጤናማ ቁጥቋጦ ይመረጣል። ከአንድ ቦታ ሁሉንም ነቅሎ መውሰድ ሌላ ጥፋት ስለሆነ ከየቦታው ጥቂት ጥቂቱን መውሰድ ይገባል። ቁጥቋጦው ከነአፈሩ ተቆፍሮ ይወጣና ሦስት እስከ አምስት ቀንበጥ ከነሥሩ እንዲኖረው ተደርጎ ይከፈላል። ቅጠሉ ከግማሽ በላይ ይቆረጣል፤ ይህም ሥሩ እስኪይዝ ውኃ በቅጠሉ እንዳይባክን ይረዳል። ከዚያም በቁጥቋጦዎቹ መካከል ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሰጥቶ መትከል፣ ዙሪያውንም በእግር ረገጥ ረገጥ ማድረግ ነው። ቀንበጡ የሚወጣበት አንገቱ በአፈር መቀበር የለበትም።

በዘር ማባዛት ለሚፈልግ ችግኝ ጣቢያ ደግሞ አንድ ነገር ማስታወስ ይበቃል። የብዙዎቹ ዘር ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። ስለዚህ በመደቡ ላይ ተበትኖ በስሱ ብቻ ይጫናል እንጂ በጥልቀት አይቀበርም፤ እስኪበቅልም መደቡ መድረቅ የለበትም።

የመጀመሪያው ዓመት ወሳኝ ነው። አረም መንቀልና በመጀመሪያው በጋ በሳምንት አንድ ጊዜ ማጠጣት ያስፈልጋል። ሥሩ ከያዘ በኋላ በመስክ የሚበቅሉት ጠንካራ ዓይነቶች በክረምቱ ዝናብ ብቻ መኖር ይችላሉ። በዙሪያው ጉዝጓዝ ማድረግ እርጥበት ይይዛል። እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ያስተምረናል፤ ቤት የምናስጌጥበትም አፈር የምንሸፍንበትም ሁለቱም ጉዝጓዝ ነው። ከበዓል ማግሥት ተጠርጎ የሚጣለው ቄጤማም በመንገድ ዳር ከሚወድቅ በችግኝ ሥር ቢነጠፍ ወይም ብስባሽ ጉድጓድ ቢገባ ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል።

አጨዳው ሌላው ቁም ነገር ነው። ቄጤማ ተነቅሎ ሳይሆን ከአንገቱ በላይ ታጭዶ ሲወሰድ መልሶ ያቆጠቁጣል። ከተከላው አንድ ሦስተኛውን በየተራ ሳያጭዱ መተው ደግሞ ዘር እንዲጥልና ወፎች እንዲጠለሉ ያደርጋል። ለእንግጫ ነቀላም ልጃገረዶቹ ጨዋታቸውን ሳያቆሙ፣ ከየቁጥቋጦው ጥቂት ቀንበጥ ወስደው ሌላውን እንዲተዉ ማስተማር ይቻላል።

የሚተከልበትን ቦታ በተመለከተ ሦስት ምርጫዎችን እንጠቁማለን። የመጀመሪያው ቦረቦር ነው። በብር ወንዝ ተፋሰስ በቦረቦር ላይ የተሠሩ የምርምር ሥራዎች እንዳሳዩት፣ የቦረቦሩን አፋፍ አስተካክሎ፣ ራሱን በድንጋይ ደግፎ፣ ሣርና ሌላ ሽፋን መትከል ማኅበረሰቡ በራሱ ጉልበት ሊያከናውነው የሚችል መፍትሔ ነው። በእንዲህ ያለው ሥራ የቦረቦሩ ወለል እርጥበት ስለሚይዝ ለቄጤማ ምቹ ነው። ሁለተኛው የፍሳሽ መውረጃ ነው። በዩጋንዳ ካምፓላ ናኪቩቦ የሚባለው የደንገል ረግረግ የከተማዋን ፍሳሽ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ከመግባቱ በፊት ያጣራል። እኛም በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ የእጅ መታጠቢያ መውረጃ፣ በቦኖ ውኃ ዙሪያ፣ በየጓሮው የዕቃ ማጠቢያ ፍሳሽ ዳር ውኃ ወዳዱን ቄጤማ ብንተክል በከንቱ የሚፈሰው ውኃ ሥራ ያገኛል። ሦስተኛው አደባባይና መንገድ ዳር ነው፤ ለዚህ ከላይ እንዳልነው ጠንካሮቹ የመስክ ዓይነቶች ይሆናሉ።

ጥንቃቄ የሚሹ ነጥቦች

መልካም ሐሳብ ሁሉ ሳይመረመር አይተገበርም። ከዚህ ቤተሰብ ውስጥ ከመሬት በታች እንደ ለውዝ ያለ ፍሬ እየቋጠረ የሚሰራጭ ዓይነት አለ፤ አርሶ አደሮቻችን በማሳቸው ደጋግመው ነቅለው የማይጨርሱት አረም ነው። በዓለም ላይ አስቸጋሪ ከሚባሉት አረሞች በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል። እንዲህ ያለውን በማሳ አጠገብ መትከል ጥፋት ነው። ስለዚህ ከመትከል በፊት ሥሩን ቆፍሮ ማየት፣ ፍሬ ቋጣሪውን ትቶ በቁጥቋጦ ብቻ የሚያድገውን መምረጥ፣ ጥርጣሬ ሲኖርም የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ማማከር ግድ ነው።

ከውጭ የሚመጣ ጌጠኛ ተክልንም በጥርጣሬ ማየት ይገባል። በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ የታየው እምቦጭ በብዙ የዓለም አገሮች የተሰራጨው አበባው አምሮ ስለታየ ነበር። የወፍ ቆሎም እንዲሁ ለአጥርና ለውበት ገብቶ ነው ግጦሽ የወረረው። እምቦጭን ከጣና ለማውጣት ሕዝባችን ያፈሰሰውን ጉልበት ያየ ሰው፣ አገር በቀል ተክል ሳለ የማይታወቅ ዘር ለአደባባይ ማስመጣትን አይደግፍም።

የወባ ሥጋትም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በአካባቢያችን ወባ የሚያስቸግራቸው ቀበሌዎች አሉ፤ በመንደር መካከል የረጋ ውኃ እንዲኖር ማንም አይመክርም። በከተማ የሚተከሉት የመስክ ዓይነቶች የረጋ ውኃ አይፈልጉም። ውኃ ወዳዶቹም ሲተከሉ ውኃው የሚያልፍበት እንጂ የሚቆምበት ቦታ መመረጥ አለበት። ረጅም ቁጥቋጦ እባብና አይጥ ያስጠጋል የሚል ነዋሪም አለ፤ ለዚህ መልሱ በቤት አጠገብ አጫጭሩን መትከልና በወቅቱ ማጨድ ነው።

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ግን የአርሶ አደሩ ነው። «ከረግረጉ የማገኘው በቆሎ ልጆቼን ይመግባል፤ ቄጤማ ምን ይመግበኛል?» ቢል ጥያቄው ትክክል ነው፤ በመፈክርም አይመለስም። እኛም ረግረግ ሁሉ አይነካ አንልም። የምንለው የምንጩ ራስና የቦረቦሩ አፍ አይታረስ፤ ከዚያ በታች ያለውም ሙሉ በሙሉ አይጠንፈፍ ነው።

በዚህ ረገድ የኢሉባቦር ልምድ ሊያስተምረን ይችላል። በዚያ ጨፌ የሚባለው የቄጤማ ወገን የቤት ክዳን ነው፤ ለሥነ ሥርዓትም ይነጠፋል። የመሬት ችግር ረግረጉን ወደ በቆሎ እርሻ ሲለውጠው፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2000 የተካሄደ የረግረግ ምርምር ፕሮግራም ሁኔታውን አጥንቶ ነበር። ከመጠን በላይ የተጠነፈፈው ረግረግ ለእህልም ለጨፌም የማይሆን ግጦሽ ሲሆን፣ ቦዩ በልክ የሆነው፣ በየጊዜው የሚያርፈውና የላይኛው ተፋሰስ ሽፋን ያለው ግን እህልም ጨፌም ሲሰጥ ታይቷል። የውኃውን ሥርዓት የሚያስተባብር አባ ለጋ የሚባል የማኅበረሰብ ተጠሪም ነበራቸው። ከዚህ የምንማረው ረግረግ በግለሰብ ቦይ ሳይሆን በጋራ ስምምነት ሲተዳደር እንደሚጠቅም ነው። እኛም የቀበሌ ሽማግሌና የአካባቢ መተዳደሪያ ደንብ የሌለን አይደለንም።

ምን ይደረግ?

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ በገጠር እርጥብ መሬቶች ላይ ያለው ብዝኃ ሕይወት እንዲጠበቅ ደንግጎ ነበር። ሐሳቡ አዲስ አይደለም ማለት ነው፤ የጎደለው መሬት ላይ ማውረዱ ነው። ለዚህም የሚከተሉት ትኩረት ሊሰጣቸው ይገባል እንላለን።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በየችግኝ ጣቢያዎቻቸው ከባሕር ዛፍና ከግራቪሊያ ጎን ለቄጤማ፣ ለእንግጫና ለግጫ ጥቂት መደቦች ይመድቡ። የመጀመሪያው ዓመት ሥራ ትልቅ መሆን የለበትም። የጃቢ ጠህናንና የቡሬ ወረዳ አንድ አንድ ቦረቦር መርጠው ቢጀምሩ፣ የሚቀጥለው ክረምት ተከላ ከዚያው ይከፈላል። በየካቲትና በመጋቢት የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ሥራም ለድንጋይ ካቡና ለእርከኑ እንደሚጨነቀው ሁሉ ለሽፋኑ ተክል ቀድሞ ይዘጋጅ።

የከተማ አስተዳደሮች ለአደባባይና ለመንገድ ዳር ተክል ሲመርጡ «በየካቲት ስንት ቦቴ ይጠጣል?» የሚለውን ጥያቄ የመጀመሪያ ያድርጉት። አንድ የመንገድ አካፋይ በመስክ ዓይነቶቹ ተክለው ቀሪውን በተለመደው መንገድ ቢያስውቡና ሁለት በጋ ቢያወዳድሩ ነዋሪው በዓይኑ አይቶ ይፈርዳል።

የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ በተለይም የዓዴት ማዕከሉ፣ እንዲሁም በአካባቢው ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የትኛው ዓይነት በየትኛው አፈርና ከፍታ እንደሚሻል፣ የትኛውስ አረም የመሆን ጠባይ እንዳለው ለይተው ቢሰጡን የባለሙያው ምክር ከግምት ይወጣል። ለተማሪ መመረቂያ ጽሑፍም ቢሆን ከዚህ የቀረበ ርዕስ አይገኝም።

ሥራ አጥ ወጣቶችና ሴቶች የተደራጁባቸው ማኅበራት ደግሞ ይህን እንደ ገበያ ይመልከቱት። የቄጤማ ገዢ በየበዓሉ አለ፤ ቡና መሸጫው በየመንገዱ አለ። ከጓሮና ከቦረቦር ወለል ታጭዶ በቋሚነት የሚቀርብ ቄጤማ ቢኖር የፕላስቲኩን ሣር የምታጥፍ ቡና አፍይ ትገኛለች። እስከ ዛሬ ከሩቅ ረግረግ በሸክም ሲያመጡ የኖሩት እናቶችም ከዚህ ገበያ እንዳይገፉ፣ ይልቁንም የመጀመሪያዎቹ አምራቾች እንዲሆኑ ማድረግ የፍትሕ ጉዳይ ነው።

ትምህርት ቤቶችም ድርሻ አላቸው። በአንድ የእጅ መታጠቢያ መውረጃ ዳር ሃያ ቁጥቋጦ መትከል ለአንድ የሳይንስ ክበብ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ተማሪው ሦስት ማዕዘኑን ግንድ በጣቱ ዳስሶ ካወቀ፣ የሚያርፍበትን ወፍ ከቆጠረ፣ ትምህርቱ ከመጽሐፍ ወጥቶ ግቢው ገብቷል።

በመጪው የዘመን መለወጫ ዋዜማም ልጃገረዶቻችን እንግጫ ለመንቀል ይወጣሉ፤ እናቶችም ለበዓሉ ቄጤማ ይዘው ገበያ ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው ጥቂቶቹ እንኳን ራሳቸው ከተከሉት ነቅለው፣ ራሳቸው ከተከሉት አጭደው ቢመጡ ትልቅ ለውጥ ነው። ሰኔ ሲገባ አፈሩ ይለሰልሳል፤ ቁጥቋጦው ለመከፈል ይመቻል። ጎዝጉዘን ያከበርነውን ተክል አንድ ጊዜ ደግሞ ተክለን እናክብረው።